የአስፋልት ጉዳትን ለክቶ ጥገና ማቀድ፦ «ከየት እንጀምር?» ለምትሉ

ከከተማ አስተዳደርና ከወረዳ መንገድ ክፍል የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «መንገዱ በየቦታው ተቦርቡሯል፣ በጀቱ ደግሞ ትንሽ ነው። የቱን እናስቀድም?» ይህን ቢሮ ቁጭ ብሎ መመለስ አይቻልም። በእግር ሄዳችሁ፣ ለክታችሁ፣ ጽፋችሁ ስትመለሱ ግን ቅደም ተከተሉ ከመዝገባችሁ ይወጣል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ሦስት ሰው ይበቃዋል። የጻፍኩት ለአስፋልት ነው። ለጠጠርና ለኮብልስቶን የሚለየውን ወደ መጨረሻው አስቀምጫለሁ።

የምንጠቀመው መለኪያ ፒሲአይ የሚባለው የመንገድ ሁኔታ ነጥብ ነው። ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። 100 እንከን የሌለው መንገድ ነው፣ 0 ደግሞ ያለቀለት። ሙሉ ዝርዝሩ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም የተባለው ስታንዳርድ አውጪ ድርጅት ባዘጋጀው ዲ6433 በሚባለው ስታንዳርድ ውስጥ ስላለ፣ ነጥብ ለማውጣት የእሱ ሠንጠረዦችና ግራፎች በእጃችሁ ይኑሩ።

መቼ ትወጣላችሁ?

ጥቅምትና ኅዳር ምርጥ ጊዜ ናቸው። ክረምቱ ገና ስላለፈ ውሃ ያበላሸው ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል። የጥገናው ወቅት የሆነው በጋም ከፊታችሁ ነው። ሐምሌ 1 ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅም መረጃችሁ ቀድሞ ይደርሳል።

ከቀኑ ውስጥ ጠዋትን ወይም አመሻሽን ምረጡ። ፀሐይ ዝቅ ስትል የጎማ ጎድጎድታና ቀጭን ስንጥቅ ጥላ ይሠራል። እኩለ ቀን ላይ ግን ያው መንገድ ደህና ይመስላል። ዝናብ አባርቶ አስፋልቱ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። ላዩ ይደርቃል፣ ስንጥቁ ግን እርጥበት እንደያዘ ይቆያልና ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል።

ከተቻለ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲያባራ አንድ ዙር ተመላለሱበት። ለመለካት አይደለም። ውሃው የት እንደሚቆምና በየት በኩል አስፋልቱ ላይ እንደሚፈስ ለማየት ብቻ ነው። ይህ አንድ ዙር ብዙ «ለምን ተበላሸ?» የሚሉ ጥያቄዎችን ይመልሳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 50 ሜትር የሚደርስ ቴፕ ሜትር (እየተገፋ የሚለካ ጎማ ካለ ሥራውን ያፈጥናል)
- 3 ሜትር ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ለልስን ሥራ የሚያዘው ዓይነት
- ሚሊሜትር ያለው አጭር ማስመሪያ
- ጠመኔና ስፕሬይ ቀለም
- የመመዝገቢያ ቅጽ፣ ጠንካራ መደገፊያ ሰሌዳ፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በእርጥበት ይደበዝዛል)
- ካሜራና ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ ፓወር ባንክ
- መጥረጊያና አካፋ፣ ጉድጓድ ውስጥና ዲች (የመንገድ ዳር የውሃ ቦይ) ላይ የተከማቸውን ደለል ለመጥረግ
- አንጸባራቂ ሰደርያ ለሁሉም፣ ኮኖች፣ ቀይ ባንዲራ

ማስጠንቀቂያ

ከመውጣታችሁ በፊት ለአካባቢው ትራፊክ ፖሊስ አሳውቁ። ከሦስታችሁ አንዱ ሥራው መኪና ማየት ብቻ ይሁን። እሱ አይለካም፣ አይጽፍም፣ ስልክ አያወራም። የሚለካ ሰው አንገቱን ስለሚደፋ ሲኖትራክ ሲመጣ አያይም። ስትሄዱ ፊታችሁን ወደሚመጣው መኪና አድርጉ። ኩርባ ላይና የዳገት አናት ላይ ጎንበስ ብላችሁ አትለኩ፣ ሹፌሩ የሚያያችሁ መቆም የማይችልበት ርቀት ላይ ሲደርስ ነው። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ እግር አታስገቡ፣ ጥልቀቱን በዘንግ ለኩ። ማንሆል ውስጥ ደግሞ በምንም ምክንያት አትግቡ። ታች ያለው አየር ሊገድል ይችላል።

1. መንገዱን በሴክሽን ከፋፍሉ

አንድ ሴክሽን ማለት ስፋቱ፣ የተሠራበት ዘመን፣ የአስፋልቱ ዓይነትና የሚሄድበት ትራፊክ አንድ የሆነ ቁራጭ ነው። ወደ ካባ የሚወስደው መገንጠያ ላይ የጭነት መኪኖቹ ይታጠፋሉ እንበል። ከመገንጠያው በፊትና በኋላ ያለው መንገድ ሁለት ሴክሽን ነው። ታክሲ ተራና አውቶቡስ መናኸሪያ ፊት ያለውም ለብቻው ይያዝ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ግማሹ ደህና ግማሹ የወደቀ መንገድ ላይ አማካይ ስታወጡ ነጥቡ ሁለቱንም አይገልጽም። ለደህናው ከሚገባው በላይ፣ ለወደቀው ከሚያስፈልገው በታች ታቅዳላችሁ። ለእያንዳንዱ ሴክሽን መለያ ቁጥር ስጡና መነሻና መድረሻውን በጂፒኤስ መዝግቡ። መለያው ከዓመት ዓመት አይቀየር፣ አለበለዚያ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ማወዳደር አትችሉም።

2. የናሙና ቦታ ምረጡ

ሙሉውን መንገድ መለካት አያስፈልግም። ሴክሽኑን እኩል ቁራጮች አድርጉት። ስታንዳርዱ ለአስፋልት አንድ ቁራጭ 225 ካሬ ሜትር አካባቢ እንዲሆን፣ 90 ካሬ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢልም ችግር እንደሌለው ይናገራል።

በምሳሌ እንየው። መንገዱ 1,200 ሜትር ርዝመት፣ 7 ሜትር ስፋት አለው። በየ30 ሜትሩ ብንቆርጠው አንዱ ቁራጭ 210 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጠቅላላው 40 ቁራጭ ነው። በስታንዳርዱ ቀመር መሠረት፣ ስህተቱ ከ5 ነጥብ እንዳይበልጥና በቁራጮቹ መካከል ያለው መደበኛ ልዩነት (ነጥቦቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን) 10 እንደሆነ ወስደን ስናሰላ 12 ቁራጭ ይበቃል። 40ን ለ12 አካፍሉ፣ 3 ይደርሳችኋል። ስለዚህ በየሦስቱ አንድ ትለካላችሁ። መነሻውን ከ1 እስከ 3 ካሉት በዕጣ ምረጡ። ዕጣው 2 ከሆነ 2፣ 5፣ 8 እያላችሁ እስከ 38 ትሄዳላችሁ።

ዕጣው ለይስሙላ አይደለም። ዓይን ሁሌም ወደ ጉድጓዱ ይሳባል። ናሙናውን በዓይን የመረጠ ሰው የሚያመጣው ነጥብ መንገዱ በእውነት ካለበት ሁኔታ ዝቅ ይላል። በዕጣው ያልወጣ በጣም የተጎዳ ቦታ ካለ «ተጨማሪ» ብላችሁ ለብቻው መዝግቡት። ስሌቱ ላይ እንዴት እንደሚገባ ደረጃ 5 ላይ አለ።

3. ሂዱ፣ ለኩ፣ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ጉዳት ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ዓይነቱ፣ ክብደቱ (ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ) እና መጠኑ። አንዱ ከጎደለ ነጥብ ማውጣት አይቻልም። በአገራችን መንገዶች ላይ አዘውትረው የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

*የአዞ ቆዳ ስንጥቅ።* ጎማ በሚያልፍበት መስመር ላይ የሚወጣ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ የስንጥቅ መረብ ነው። በካሬ ሜትር ይለካል። ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ ገና ያልተገናኙ ቀጫጭን መስመሮች ከሆኑ ቀላል ነው። መረብ ከሠሩ መካከለኛ፣ ቁርጥራጮቹ መኪና ሲያልፍባቸው የሚነቃነቁ ከሆነ ከባድ ነው። ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚፈልገው ይህ ነው። ከታች ያለው ንብርብር ጭነቱን መሸከም አቅቶታል ማለት ነው።

*የብሎክ ስንጥቅ።* ትልልቅ አራት ማዕዘን የሚመስል። ብዙ ሰው ከአዞ ቆዳ ጋር ያምታታዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ጎማ በማይረግጠው ቦታም አለ? ካለ አስፋልቱ አርጅቶ ደርቋል እንጂ ጭነት አልሰበረውም። ጥገናውም በጣም ይለያል።

*የቁመትና የአግድም ስንጥቅ።* በሜትር ይለካል። ያልተሞላ ስንጥቅ ስፋቱ ከ10 ሚ.ሜ ካነሰ ቀላል፣ ከ10 እስከ 75 ሚ.ሜ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው።

*የጎማ ጎድጎድታ፣ ብዙዎቻችሁ ራቲንግ የምትሉት።* ዘንጉን መንገዱን አቋርጣችሁ አጋድሙትና ከሥሩ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ከ6 እስከ 13 ሚ.ሜ ቀላል፣ እስከ 25 ሚ.ሜ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። መጠኑ በካሬ ሜትር ይያዛል።

*ጉድጓድ።* በቁጥር ይያዛል፣ ክብደቱ ግን በጥልቀትና በዲያሜትር ነው። ለምሳሌ 40 ሚ.ሜ ጥልቀትና 300 ሚ.ሜ ዲያሜትር ያለው መካከለኛ ነው። ያው ጥልቀት ዲያሜትሩ 500 ሚ.ሜ ቢሆን ከባድ ይሆናል። ዲያሜትሩ ከ750 ሚ.ሜ ካለፈ ስፋቱን በካሬ ሜትር ለክታችሁ ለ0.5 አካፍሉ፣ የምትመዘግቡት የጉድጓድ ቁጥር እሱ ነው። አለበለዚያ አንድ ባጃጅ የሚውጥ ጉድጓድና አንድ ሰሃን የሚያክል ጉድጓድ እኩል «1» ሆነው ይጻፋሉ።

*የተደፈነ ቦታ።* ለውሃ ቱቦ ወይም ለኬብል ተቆፍሮ የተመለሰም እዚህ ይገባል። በካሬ ሜትር ነው። ድፍኑ ውስጥ ስንጥቅ ካለ ስንጥቁን ለብቻ አትጻፉ፣ የድፍኑን ክብደት ከፍ አድርጉ። ሁለቴ ከጻፋችሁት መንገዱን ሁለቴ ቀጣችሁት ማለት ነው።

*የጠርዝ ስንጥቅና የጠጠር መላቀቅ።* የመጀመሪያው ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ውስጥ ይወጣል፣ በሜትር ይለካል። ሁለተኛው በካሬ ሜትር ነው።

በእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ፎቶ ይበቃል፦ አንድ ከሩቅ፣ አንድ ከቅርብ። በቅርቡ ፎቶ ላይ ማስመሪያው ይታይ። የቁራጩን ቁጥር አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ጽፋችሁ ፎቶው ውስጥ አስገቡት። ቢሮ ስትመለሱ ሁሉም ጉድጓድ አንድ ይመስላችኋል።

4. ምክንያቱን ፈልጉ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፣ ገንዘቡ የሚባክነውም እዚህ ነው። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ዓምድ ይኑር፣ ባዶም አይለፍ።

ጉድጓዱን በመጥረጊያ አጽዱና ግድግዳውን ተመልከቱ። የአስፋልቱ ውፍረት ስንት ነው? ቤዝ ኮርሱ (ከአስፋልቱ ሥር ያለው የተጠቀጠቀ ንብርብር) ደረቅ ነው ወይስ በጣታችሁ ስትነኩት ይላቆጣል? በዙሪያው ባለው ስንጥቅ ላይ ነጣ ያለ ደቃቅ ጭቃ ወጥቶ ደርቆ ታያላችሁ? ካያችሁ ውሃ ከሥር ገብቷል፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ደቃቁን እየገፋ እያወጣው ነው። ላዩን ብቻ ብትደፍኑት ከሥሩ ባዶ ነውና አይቆይም።

ከዚያ ቀና በሉና ውሃው ከየት እንደሚመጣ ተከተሉ። ዲቹ በደለል ወይም በፌስታል ተደፍኗል? ሾልደሩ (ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጪ ያለው የመንገዱ ትከሻ) ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ውሃውን ገድቦታል? ላቫጆ አለ? ላቫጆ በጋ ከክረምት አስፋልት ላይ ውሃ ይለቃል። እሱ ፊት ያለ ጉድጓድ በዓመት ሦስቴ ቢደፈን ሦስቴ ይከፈታል። ጥገናው ከመንገዱ ሳይሆን ከላቫጆው ፍሳሽ ይጀምራል። ጋራዥና ታክሲ ተራ ካለ ደግሞ የሚንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት ሬንጁን ያሟሟዋል።

ጥቁር አፈር ላይ ያሉ መንገዶች የራሳቸው ምልክት አላቸው። አፈሩ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አቃቂ አካባቢ እንዳለው ዓይነት ጥቁር አፈር ላይ በተሠራ መንገድ ከጠርዙ ገባ ብሎ የሚሄድ ረጅም የቁመት ስንጥቅ ካያችሁ መጀመሪያ አፈሩን ጠርጥሩ። ስንጥቁን መሙላት ብቻውን አያዛልቅም። ሾልደሩን መድፈንና የዲቹን ውሃ ከመንገዱ ማራቅ አብሮ መታቀድ አለበት።

የአዞ ቆዳው ሰፊ ከሆነና ዲሲፒ (የንብርብሮችን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ) ማግኘት ከቻላችሁ ሁለት ሦስት ቦታ ሞክሩ። 8 ኪሎ መዶሻ ከ575 ሚ.ሜ ከፍታ እየወደቀ ሾጣጣውን ወደ ታች ይመታል። በአንድ ምት የሚገባው ርቀት ድንገት ሲጨምር ደካማውን ንብርብር አገኛችሁት። ከሌለ ትንሽ መፈተሻ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ በዚያው ቀን ግን በደንብ ጠቅጥቃችሁ መልሱት።

5. ነጥቡን አውጡ

ለእያንዳንዱ ቁራጭ የጉዳቱን መጠን ለቁራጩ ስፋት አካፍላችሁ በ100 አባዙ። ከ210 ካሬ ሜትር 21ዱ የአዞ ቆዳ ከሆነ 10 በመቶ ነው። ይህን ይዛችሁ ከስታንዳርዱ ግራፍ ላይ የሚቀነሰውን ነጥብ አንብቡ። ጉዳቱ ከአንድ ዓይነት በላይ ከሆነ ቅናሾቹን ዝም ብላችሁ አትደምሩ። የማስተካከያው ግራፍ ለዚህ ነው። ከተስተካከለው ትልቁን ቅናሽ ከ100 ስትቀንሱ የቁራጩ ፒሲአይ ይወጣል።

የሴክሽኑ ነጥብ የቁራጮቹ አማካይ ነው። «ተጨማሪ» ያላችሁት ካለ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምሳሌያችን በዕጣ የወጡት 13 ቁራጮች አማካይ 68፣ ተጨማሪው ደግሞ 20 ይሁን። ሁሉንም ደምሮ ለ14 ማካፈል 64.6 ይሰጣል፣ ይህም ስህተት ነው። ትክክለኛው 39 ሲባዛ በ68፣ ሲደመር 20፣ ሲካፈል ለ40 ነው። 66.8 ይመጣል። ተጨማሪው የሚወክለው ራሱን ብቻ ሲሆን፣ 68ቱ የቀሩትን 39 ቁራጮች በሙሉ ይወክላል።

6. ቅደም ተከተል አውጡ

ለመነሻ ይህን ተጠቀሙ። ከ70 በላይ ከሆነ መደበኛ ጥገና፦ ስንጥቅ መሙላት፣ ዲች መጥረግ። ከ55 እስከ 70 ወቅታዊ ጥገና፦ ደካማውን ቦታ ቆርጦ መመለስና ሰርፌስ ድሬሲንግ (ሬንጅ ረጭቶ ጠጠር መበተን) ወይም ስስ ንጣፍ። ከ40 እስከ 55 ወፍራም ኦቨርሌይ (በነባሩ ላይ የሚነጠፍ አዲስ አስፋልት)፣ የአዞ ቆዳው አስቀድሞ ተነቅሎ። ከ40 በታች ከሆነ ቤዙ ድረስ መፈተሽ የሚፈልግ ከባድ ጥገና ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠገነው በጣም የተበላሸው አይደለም። 30 ላይ ያለ መንገድ ከአሁኑ እንደገና መሠራት የሚፈልግ ነው። አንድ ክረምት ቢጨመርበት ወጪው ብዙም አይለወጥም። 62 ላይ ያለው ግን በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ወደ ቤዙ ከገባ ከስስ ንጣፍ ወደ ከባድ ጥገና ይሻገራል። ስለዚህ አብዛኛውን ገንዘብ ለመውደቅ ጫፍ ላይ ላሉት መድቡ። 30 ላይ ላለው ጉድጓዱን እየደፈናችሁ መተላለፊያ አቆዩት፣ ለከባድ ጥገና ደግሞ ለብቻው በጀት ጠይቁ። ሕይወት የሚያሰጋ ቦታ፣ ለምሳሌ ድልድይ መግቢያ ወይም አምቡላንስ የሚመላለስበት መንገድ፣ ከዚህ ሕግ ውጪ ነው። እሱ ሁሌም ይቀድማል።

ሁለት መንገዶች ነጥባቸው ከተቀራረበ ትራፊኩን አወዳድሩ። ስትቆጥሩ ትኩረታችሁ ጭነት መኪና ላይ ይሁን። የአንድ አክስል (ጎማዎቹ የተያያዙበት ዘንግ) ጭነት እጥፍ ሲሆን መንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። መቶ ቪትዝ ያለፈበት መንገድ ሙሉ ጭነት የያዘ አንድ ሲኖትራክ ካለፈበት ያነሰ ይጎዳል።

7. መጠኑን ወደ ሥራ ዝርዝር ቀይሩ

የምትጠግኑት ጉድጓዱን ብቻ አይደለም። ደህና አስፋልት እስክታገኙ በየአቅጣጫው ቢያንስ 30 ሴ.ሜ ወጣ ብላችሁ በአራት ማዕዘን ትቆርጣላችሁ። 80 በ60 ሴ.ሜ የሆነ ጉድጓድ 140 በ120 ሴ.ሜ ይሆናል። 0.48 የነበረው 1.68 ካሬ ሜትር ሆነ፣ ሦስት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። በ6 ሴ.ሜ ውፍረት 0.1 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። የተጠቀጠቀ አስፋልት በሜትር ኩብ ወደ 2.4 ቶን ስለሚመዝን 240 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። የዲችና የከልቨርት (ውሃ ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፍ ቱቦ) ጠረጋን በዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ አስቀድማችሁ አስገቡ።

ለጠጠርና ለኮብልስቶን

ጠጠር መንገድ ላይ ስንጥቅ አትቆጥሩም። የምታዩት ሞገዱን፣ የቀረውን የጠጠር ውፍረትና ከመሐል ወደ ጠርዝ ያለውን ተዳፋት ነው። ተዳፋቱ 4 በመቶ ከሆነ 3 ሜትሩን ዘንግ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ስትይዙት በዝቅተኛው ጫፍ 12 ሴ.ሜ ክፍተት ታገኛላችሁ። 3 ወይም 4 ሴ.ሜ ብቻ ከሆነ ውሃው መሐል ላይ ይቆማልና ግሬደር ይፈልጋል። ጠጠሩ ሳስቶ አፈሩ ብቅ ካለ ግን ግሬደር ብቻውን አይበቃም፣ ጠጠር መጨመር አለበት።

ኮብልስቶን ላይ የሰመጠውን ቦታና በድንጋዮቹ መካከል አሸዋው የታጠበበትን በካሬ ሜትር ያዙ። ጥቂት ድንጋይ አንሡና ከሥር ያለው አሸዋ እንዳለ እዩ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- *ከመኪና ሳይወርዱ መመዝገብ።* ከመስኮት ጉድጓድ ይታያል፣ ገና የጀመረ የአዞ ቆዳ ግን አይታይም። በርካሽ ሊተርፍ የሚችለው ደግሞ እሱ ነው።
- *«መንገዱ 60 በመቶ ተበላሽቷል» ብሎ መጻፍ።* የምን ጉዳት? በምን ክብደት? እንዲህ ያለ ሪፖርት ይዞ ዋጋ ማውጣት አይቻልም።
- *በአንድ መንገድ ላይ ሰው መቀያየር።* አንዱ መካከለኛ ያለውን ሌላው ከባድ ይለዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ሁላችሁም አንድ ቁራጭ ለየብቻ ለክታችሁ ውጤቱን አወዳድሩ።
- *የተደፈነ ጉድጓድን ሳይመዘግቡ ማለፍ።* አዲስ የተደፈነ ቦታ ደህና ቢመስልም ይመዝገብ። በየዓመቱ እዚያው ቦታ ድፍን ካለ ከሥር ያልተፈታ ችግር አለ።
- *የአንድ ዓመት መዝገብ ይዞ መቆም።* በሚቀጥለው ጥቅምት እነዚያኑ ቁራጮች እንደገና ለኩ። ከ75 ወደ 72 የወረደ ሴክሽንና ከ75 ወደ 61 የወረደ ሴክሽን በሁለተኛው ዓመት አንድ ዓይነት ጥገና አያገኙም። የሁለተኛውን ዲች ሄዳችሁ እዩት።